የባባ ሲጋር ደረቀ ተብሎ የኔ ደሞዝ አይቆረጥም

አድሚን ስሜን ደብቀሽ ለጥፊልኝ። እኔ ከሚያነቡት እንጂ ከሚጽፉት አይደለሁም። ዛሬ ግን ንዴቱ አላስተኛኝም። ትንሽ ይረዝማል፣ ማታ ሥራ ስትጨርሱ አንብቡት።

ያለሁት ኩዌት ነው። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት እኛ ሰፈር ከምትሠራ አንዲት የሀገሬ ልጅ ጋር ቆሻሻ ስንጥል ተገናኘን። አልቅሳ አልቅሳ ፊቷ አብጧል። «ምን ሆንሽ?» ስላት «የባባን ሲጋር አበላሸሽ ብለው የአራት ወር ደሞዜን ቆረጡት» አለችኝ። «አንቺስ ምን አልሽ?» «ምን እላለሁ፣ ወረቀት አመጡ፣ ፈረምኩላቸው።» ለጓደኞቿ ስትነግራቸው ደግሞ ሁሉም ያሏት አንድ ነው፦ «ክፈይና ተገላገይ።»

እኔን ያቃጠለኝ ይቺ «ተገላገይ» የምትባል ቃል ናት። ከምኑ ነው የምትገላገለው? የአራት ወር ደሞዝ እኮ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ነው። የወንድሟ የትምህርት ቤት ነው። እዚህ ለሚያጨስ ሰው ጢስ ነው፣ እዚያ ግን ጣሪያ ነው። እኛ እርስ በርሳችን «ተገላገይ» ስንባባል እነሱ ሳይደክሙ ሥራቸውን ሠራንላቸው ማለት ነው።

ሲጋር የሚባለውን ነገር እኔ ከሷ በፊት ቀምሼዋለሁ። አጭሼው አይደለም፣ ደሞዜን በልቶት ነው። ስለዚህ የማወራው ከሰማሁት ሳይሆን በእጄ ከነካሁት ነው። የደረቀ ሲጋር የሞተ ሲጋር አይደለም። ይመለሳል። የሚመለስ ዕቃ ደግሞ «ጠፋ» ተብሎ ሙሉ ዋጋው ከሠራተኛ ላይ አይቆረጥም። ይሄን የማታውቅ ልጅ ግን ያሏትን ትከፍላለች። እኔም ለጥቂት ልከፍል ነበር።

መጀመሪያ ለማታውቁት ላስረዳ። ሲጋር እንደ ተራ ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለ አይደለም፣ ሁሉም ነገሩ የትንባሆ ቅጠል ነው። ሆዱ ውስጥ የታጠፈ ቅጠል አለ፣ እሱን የሚያስር ሌላ ቅጠል አለ፣ ከውጭ ደግሞ ቀጭንና ቆንጆ ቅጠል ይለብሳል። ቅጠል ስለሆነ እርጥበት ይፈልጋል። ለዚህ ብለው ሁሚዶር የሚባል የእንጨት ሣጥን ሠርተውለታል። ሁሚዶር ማለት በኛ ቋንቋ የሲጋር መሶብ ነው በሉት። እንጀራ መሶብ ውስጥ ተከድኖ ሲቀመጥ ለምለም ሆኖ እንደሚቆየው፣ ክፍቱን ስትተዉት ጠርዙ እንደሚነሳና እንደሚሰነጠቀው፣ ሲጋርም እንደዚያ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ውኃ የሚይዝ ስፖንጅ ያለበት ትንሽ ዕቃ አለ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ የእርጥበት መለኪያ። እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ። ለሣጥኑ መለኪያ አለው። እኔ ክፍል የተሰቀለው ሰዓት ባትሪ ካለቀበት ሁለት ዓመቱ ነው፣ ይሄን እግረ መንገዴን ነው ያልኩት።

የኛ ባባ ሣጥኑን የሚያስቀምጠው ዲዋኒያ ውስጥ ነው፣ ወንዶቹ ማታ ማታ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ክፍል። እኔ እዚያ የምገባው ለማጽዳትና ሻይ ለማድረስ ብቻ ነው። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ማዳም ክፍሉን ስታሳየኝ በጣቷ ሣጥኑን ጠቁማ «ይሄን እንዳትነኪ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ነው የደገመችው። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ላዩን በጨርቅ ከማበስ በቀር ነክቼው አላውቅም።

በሰኔ መጨረሻ ቤተሰቡ ወደ አውሮፓ ሄደ። እኔን የማዳም እናት ቤት አስቀመጡኝ፣ እዚያ ሦስት ፎቅ ሳጸዳ ከረምኩ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ዲዋኒያው ተቆለፈ። ለሶፋውና ለምንጣፉ ተብሎ ኤሲው ሳይጠፋ ተተወ። ኤሲ ደግሞ አየር ያደርቃል፣ የኩዌት የበጋ አየር ራሱ ደረቅ ነው፣ ከንፈራችን እንዴት እንደሚሰነጠቅ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ያንን ሣጥን ውኃ ሞልቶ የሄደ የለም።

በመስከረም ተመለሱ። ባባ በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ከፈተ። አንዱን አንስቶ በጣቱ ሲጫነው እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ አለ፣ እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። የሲጋር ጤንነት እንደዚህ ነው የሚታወቀው፣ ደህናው ስትጫኑት ትንሽ ይለጥፍና ይመለሳል፣ የደረቀው ይንኮሻኮሻል። 41 ፍሬ ነበሩ። እሱ እንዳለው አንዱ 25 ዲናር ነው። የኔ ወር ደሞዝ 90 ነው። በሱ ሒሳብ የኔ የአንድ ወር ጉልበት አራት ሲጋር አይሞላም።

ማዳም መጣች፣ ጮኸች። «አንቺ ነሽ ውኃ ማድረግ የነበረብሽ፣ ቤቱን ማነው የሚጠብቀው?» አለች። እኔ እኮ ቤቱ ውስጥ አልነበርኩም! ቁልፉም የላቸውም ካሉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ደግሞስ አትንኪ ያለችኝ ማን ናት? ይሄን ስላት «መልስ አትስጪ» አለች። የሦስት ወር ደሞዝ ይቀጣታል ተባለ። 270 ዲናር።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰኔ ላይ «አትንኪ»፣ መስከረም ላይ «ለምን አልነካሽም»። ይሄ የሲጋር ነገር አይደለም። ስንቶቻችን ነን ማቀዝቀዣው ሲበላሽ፣ መብራት ጠፍቶ ሥጋው ሲሸት፣ የልጁ ታብሌት ሲወድቅ ወጪው ደሞዛችን ላይ የተጻፈው? ዕቃው ባለቤት አለው፣ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የኛ ነው። ቸልታው የነሱ፣ ክፍያው የኛ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። እህቴ ጋ ደውዬ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ «ቆይ፣ ይሄ ነገር እውነት ተበላሽቷል ወይ?» ብዬ ስልኬ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። አሥረኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፣ እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ቪዲዮ ቪዲዮ ነው፣ እጃቸውን እያየሁ ተረዳሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ያየሁት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ ይመለሳል፣ ግን ቀስ ተብሎ ነው። የቸኮለ ያጠፋዋል።

በአራተኛው ቀን ባባ ብቻውን ሲሆን ገባሁ። ማዳም ባለችበት ብናገር አይሆንም ነበር፣ ይሄን ልብ በሉ። «ባባ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ግን ሲጋሩ ሊድን ይችላል። ሁለት ወር ስጠኝ» አልኩት። ሳቀ። «አንቺ ስለ ሲጋር ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ምንም። ግን እንጀራ አውቃለሁ» ልለው ነበር፣ ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት። ዝም ብሎ ካየኝ በኋላ «ሞክሪ፣ ካሁኑ በላይ አይበላሽም» አለ። እሱ ተሳስቷል፣ በላይ ይበላሻል፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ፎቶ ማንሳት ነው። 41ዱንም እያገላበጥኩ። ስድስቱ ገና ሳልነካቸው ውጫቸው ተሰንጥቆ ነበር። ይሄን ለባባ በዚያኑ ቀን በዋትስአፕ ላክሁለት፣ ቀኑ እንዲመዘገብ። እህቶቼ፣ ተበላሸ ያሏችሁን ማንኛውንም ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። በኋላ «ያኔ ደህና ነበር» ሲሉ አፋችሁን የሚዘጋላቸው እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ትንባሆ ነቀዝ የሚባል አለ፣ እንደ ስንዴ ነቀዝ ነው። ሲጋር ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ ከቆየ ቅጠሉ ውስጥ ያለው እንቁላል ይፈለፈላል፣ ከዚያ እየበላ በመርፌ የተወጋ የመሰለ ቀዳዳ ያወጣል። እያንዳንዱን በስልክ መብራት አየሁ፣ አልነበረም። ኤሲው አድርቆታል ግን ከነቀዝ አድኖታል፣ ለካ ሁሉም ነገር ክፉ ብቻ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ክዳኑ ላይ ያለው መለኪያ 64 ይላል። 64 እኮ ደህና ነው! ሲጋሩ ግን እንደ ኮሽም ቅጠል ደርቋል። ይሄ እንዴት ይሆናል? ሹፌሩን ለምኜ በ3 ዲናር ትንሽ ዲጂታል መለኪያ አስገዛሁ፣ ከኪሴ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሳስገባው 39 አለ። የቱ ነው ውሸታም? ይሄን በጨው ማወቅ ይቻላል፣ ወላሂ በማድቤት ጨው። የውኃ ጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው ታደርጋላችሁ፣ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጠብ ታደርጉበትና ልክ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሆናል፣ ቀልጦ ውኃ መሆን የለበትም። ከመለኪያው ጋር ዚፕ ያለው ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ትዘጉታላችሁ። ከስምንት ሰዓት በላይ፣ ወይም ለጥንቃቄ እስከ ማግሥቱ ስትተዉት መለኪያው 75 ማለት አለበት። እርጥብ ጨው በተዘጋ ነገር ውስጥ ሁልጊዜ አየሩን 75 ላይ ነው የሚያቆመው።

የኔ የ3 ዲናሩ 74 አለ። የባባ የነሐስ የሚያብረቀርቀው ግን ከጨውም ጋር አድሮ 64 ነው። እንጨቱ ላይ ቢያስቀምጡት 64፣ ጨው ውስጥ 64። መርፌው ተጣብቋል! ገብቷችኋል? ባባ ከመሄዱ በፊት መለኪያውን አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ነው የሄደው። ውኃ የሚይዘውን ዕቃ ስከፍተው ደግሞ ስፖንጁ ድንጋይ ሆኗል፣ ላዩ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት አለ። የቧንቧ ውኃ ነው ሲያደርግ የኖረው። ይሄ ሣጥን የታመመው እኔ የማዳም እናት ቤት ከመሄዴ ብዙ በፊት ነው።

ጨዉንና ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን አድርጌ ለባባ አሳየሁት። ምንም አላለም። ግን የነሐሱን አንስቶ ኪሱ ከተተው። አንዳንድ ሰው «ተሳሳትኩ» ማለት ሲያቅተው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ እኔ ለኔ በቂ ነበር።

ከዚያ ሥራው። ሣጥኑ ራሱ ደርቋል፣ የውስጡ እንጨት። የስፔን ሲዳር ይሉታል፣ ስፔን አይበቅልም፣ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣ ዛፍ ነው። ደረቅ እንጨት ውኃ ይጠጣል። ሲጋሩን እዚያ መልሳችሁ ብትከቱት ያገኘውን እርጥበት እንጨቱ ይቀማዋል። ስለዚህ ባዶውን ሣጥን ውስጥ በትንሽ ሳህን ውኃ አስቀምጬ ዘጋሁት። ውኃው የተጣራ መሆን አለበት፣ ማዕድን የሌለው። እዚህ «ማይ ሙቀጠር» በሉ፣ ፋርማሲም የመኪና ባትሪ የሚሸጡበትም አለ። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት የሚሉ አሉ፣ እኔ አልጠረግኩም፣ እንጨት በአንዴ ሲረጥብ ይጣመማል። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መለኪያዬ 68 ላይ ቆመ።

ሲጋሮቹ እስከዚያ የት ነበሩ? ክዳኑ ጎማ ያለው ትልቅ የምግብ ዕቃ ውስጥ፣ አዲስ የተገዛ፣ ሽታ የሌለው። የድሮ የምግብ ዕቃ አትጠቀሙ፣ ሲጋር ሽታ ይስባል፣ የሽንኩርት ሲጋር ማን ያጨሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ፌስታል ውስጥ አድርጌ አፉን በትንሹ ከፍቼ ነው ያስገባኋቸው፣ እርጥበቱ በአንዴ እንዳይደርስባቸው። ቦቬዳ የሚባል ከረጢት አለ፣ በላዩ ቁጥር ተጽፎበታል፣ እርጥበቱ ሲያንስ ይሰጣል፣ ሲበዛ ይወስዳል። ይሄን ባባ አስገዛ፣ መጀመሪያ 65 የሚለውን፣ ኋላ 69። ገንዘቡን ከሱ ነው የጠየቅኩት። የ3 ዲናሩን ከኪሴ ማውጣቴ ራሱ ስህተት ነበር፣ እናንተ እንዳትደግሙት።

በየሦስት ቀኑ ዕቃውን ከፍቼ አናፍሳለሁ፣ እያንዳንዷን ሲጋር በትንሹ አዞራለሁ፣ ከላይ ያሉትን ወደ ታች፣ ከታች ያሉትን ወደ ላይ። ልብሱ ከታጠበ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው ይሄ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ። አንዳንዴ እንቅልፍ እየጣለኝ። ይሄም ሥራ ነው፣ ማንም ሒሳብ ውስጥ አላስገባውም።

ለምን ቀስ እንደሚባል ልንገራችሁ፣ ጎረቤቴ ልጅ ያለቀሰችው እዚህ ጋ ነውና። ደረቅ ሲጋር ብዙ እርጥበት በአንዴ ሲያገኝ ሁሉም ቅጠል እኩል አያብጥም። አንዱ አብጦ ሌላው ገና ደረቅ ነው፣ የውጪው ቀጭኑ ቅጠል ያኔ ይቀደዳል። ድርቆሽ ላይ ውኃ ስትደፉበት የሚሆነውን ታውቁ የለ? ድርቆሽ ለፍርፍር ነው፣ ቢፈርስ ግድ የለንም። ሲጋር ግን ከፈረሰ በቃ።

ያቺ ልጅ የሷም ቤተሰብ እንደኛዎቹ ከርመው ነው የመጡት፣ ሲጋሩም በነሱ ቸልታ ነው የደረቀው። ሲጮሁባት ደነገጠች። ቲክቶክ ላይ አንዱ «እርጥብ ፎጣ ከላይ ጣል ማድረግ፣ ወይም የፖም ቁራጭ መክተት» ሲል አየች፣ ሁለቱንም አደረገች። የፎጣው ውኃ ሲጋሩን ነካው። ፖሙ ሻገተ። በሳምንቱ ስትከፍተው አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ። ያ ሰውዬ ቪዲዮውን ሠርቶ ላይክ ሰበሰበ፣ እሷ አራት ወር ከፈለች። እንደዚህ ዓይነት «በአንድ ሌሊት ይመለሳል» የሚል ሁሉ ውሸት ነው፣ በአንድ ሌሊት የሚመለስ የለም።

አሁን እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» አልልም። ሳትጠይቅ በድንጋጤ ነካካች፣ በመጨረሻ ያበላሸው የሷ እጅ ነው። ግን መጀመሪያ ማን አደረቀው? ማን አስደነገጣት? ሳይጮሁባት በፊት ዝም ብላ ብትተወው እስከ ዛሬ ደረቅ ብቻ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ደረቅ ይጠብቃል፣ ሻጋታ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ስትደነግጡ እጃችሁን ሰብስቡ። ምንም አለማድረግ ከእርጥብ ፎጣ ይሻላል።

«ጥፊ፣ ውጪ ሥሪ» ያሏትም አሉ። ይሄንንም እቃወማለሁ። ጠፍተሽ ብትወጪ ከፊሉ «ኮበለለች» ብሎ ያስመዘግባል፣ የያዘውን ደሞዝ እንደያዘ ይቀራል፣ አንቺ ወንጀለኛ ትሆኛለሽ። በራሱ እጅ ሒሳቡን ዘጋሽለት። የሚደበድቧት፣ ሌላ መከራ ያለባት ሴት ነፍሷን ታድን፣ እሷን አልናገርም። ለ41 ሲጋር ግን አይጠፋም።

ሕጉንም ለማታውቁት፦ ኩዌት ውስጥ የቤት ሠራተኞች ሕግ አለ፣ ቁጥር 68፣ የ2015። ደሞዝ በየወሩ መጨረሻ ይከፈል ይላል። ካዘገየ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ወር 10 ዲናር ይጨምራል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነደሞዙ፣ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አለመሥራት፣ ፓስፖርታችንን አለመያዝ፣ ሁሉም አለበት። አለ ማለት ይፈጸማል ማለት አይደለም፣ የኔ ፓስፖርት የት እንዳለ ብትጠይቁኝ የማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ግን እንዳለ ማወቅና አለማወቅ አንድ አይደለም። ሊባኖስ ያላችሁ እህቶች ደግሞ የናንተው ይብሳል፣ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ ጭራሽ የቤት ሠራተኛን አውጥቶ ነው የተጻፈው። እናንተ ጋ ፎቶውና የጽሑፍ መልእክቱ ከኛም በላይ ያስፈልጋችኋል።

ሌሊት ሲጋሩን ሳዞር ስለሱ ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ይወጣል። ኩባ ውስጥ ሲጋር የሚጠቀልሉት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። ከ1865 ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚያነብላቸው ሰው ነበራቸው፣ ክፍያውን ከደሞዛቸው እያዋጡ። ሞንቴክሪስቶ የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው እንደዚያ ሲነበብላቸው ከሚወዱት ልብወለድ ነው ይባላል። እኛ ሰፈር ያሉት ሀብታሞች ያንን ስም እንደ ጌጥ ይጠሩታል። እኔ ግን እጄ ላይ ሳዞረው ያቺ ጠቅላይዋ ሴት ናት የምትታየኝ፣ እሷም ደሞዟን እየቆጠረች ነው የጠቀለለችው። ባባ በአንድ በጋ ያደረቀውን እሷ በስንት ጥንቃቄ ሠርታዋለች። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ሲጋሩን ለባባ ብዬ ብቻ አልነበረም የማዞረው።

ዘጠኝ ሳምንት ሆነ። ስጫናቸው መንኮሻኮሹ ቆመ፣ ትንሽ ለጥፈው ይመለሳሉ። መለስኳቸው ወደ ሣጥናቸው። ሒሳቡ ይኸውላችሁ፦ ስድስቱ ከመጀመሪያው የተሰነጠቁ፣ ሁለቱ እኔ እጅ ላይ የተቀደዱ፣ አልደብቅም፣ 33ቱ ደህና። ለባባ አንድ ነገር አስቀድሜ ነግሬዋለሁ፦ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ተኖ ከሄደ አይመለስም፣ ስለዚህ ጣዕሙ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ላይሆን ይችላል። ይሄን አስቀድሞ መናገር ጥሩ ነው። ተአምር ቃል ገብታችሁ ግማሽ ብትሰጡ ሌባ ትባላላችሁ።

እስከዚያ ድረስ ደሞዝ አልተከፈለኝም፣ የመስከረም፣ የጥቅምት፣ የኅዳር። ቤተሰቦቼ ተበድረው ነው የበሉት። ባባ አንዱን ለኩሶ ቀመሰ፣ በማግሥቱ 180 ዲናር ሰጠኝ። የሁለት ወር። የሦስተኛውን ማዳም «ለተሰነጠቁት ስምንቱ» ብላ ይዛለች። ስምንት አይደሉም፣ ስድስቱ ፎቶ አላቸው። ስለ ሁለቱ እንኳን ብትከራከሩኝ በሁለት ሌሊት ያዞርኩት ይከፍላቸዋል።

ጓደኞቼ እዚህም ላይ «አይ ሁለቱን ካገኘሽ አመስግኚ፣ ሦስተኛውን ተይላት» ይሉኛል። ለምንድነው የምተወው? 90 ዲናር ለኔ ሠላሳ ቀን ነው። ሠላሳ ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ሌሊት ነው የተኛሁት። ከሰጡኝ የራሴን ነው የሰጡኝ። የራሴን ሰጥተውኝ ካመሰገንኩ ነገ የራሴን እንደ ስጦታ ይቆርጡልኛል።

ትናንት ማታ ዲዋኒያው ሞልቶ ነበር። ሻይ ሳደርስ አንዱ እንግዳ ሲጋሩን እያየ «ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለው። ባባ «የድሮ ነው፣ እቤት የነበረ» አለ። ወደኔ አላየም። እንግዶቹ ሲወጡ አመድ ማራገፊያውን ላነሳ ገባሁና በቀስታ «ባባ፣ የቀረችኝ 90 ዲናርስ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «በወሩ መጨረሻ» አለኝ። ይሄንንም ክፍሌ ገብቼ በዋትስአፕ ጻፍኩለት፦ «ባባ፣ በወሩ መጨረሻ 90 ዲናር እንዳልከኝ፣ አመሰግናለሁ።» ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች መጥተዋል፣ አንብቦታል።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከከፈለም እነግራችኋለሁ፣ ካልከፈለም እነግራችኋለሁ። ለጎረቤቴ ልጅም ሣጥኑን አሁን እንዳለ ፎቶ እንድታነሳውና የፈረመችበትን ወረቀት ኮፒ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ፣ ዓርብ ቆሻሻ ስንጥል እንገናኛለን። ወረቀቱ በዓረብኛ ነው፣ ዓረብኛ ማንበብ የምትችሉ እህቶች ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አድሚን፣ የጨዉንና የሁለቱን መለኪያዎች ፎቶ ከታች አድርጊልኝ።